ሕልም መሆኑን እያወቁ ማለም፦ በእንቅልፍ ውስጥና ከነቁ በኋላ ምን ይሰማል?

አንዲት እናት ከዝቋላ ወረዳ ተነስተው ከልጃቸው ጋር ሰቆጣ መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮች ተቀይረዋል።) የተናገረው ልጃቸው ነበር፦ "ዶክተር፣ እናቴ አልተኛም ካለች ዛሬ አምስተኛ ሌሊቷ ነው። ከሞተው ወንድሜ ጋር ስታወራ ነው የምትነቃው። አእምሮዋን ነክቷት ይሆን ብለን ፈራን።"

እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው በእርጋታ መለሱ፦ "ልጄ፣ እኔ አላበድኩም። ልጄ መሞቱን አውቃለሁ። ሕልም መሆኑንም እዚያው ሕልሙ ውስጥ ሆኜ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ይሄ ማወቄ ነው። እንዲህ ያለ ሕልም አለ እንዴ?"

አዎ፣ አለ። እርስዎም በሕልምዎ መሀል "ይሄ እኮ ሕልም ነው" ብለው ካወቁ ያው ነገር ደርሶብዎታል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሕልም በእንቅልፍ ውስጥና ከነቁ በኋላ እንዴት እንደሚሰማ፣ ከዱካክና ከቅዠት በምን እንደሚለይ፣ መቼ ሕክምና እንደሚያስፈልግም ያብራራል።

የነቃ ሕልም ምንድን ነው?

በተለመደው ሕልም ውስጥ የምናየውን ሁሉ እውነት ነው ብለን እንቀበላለን። በሬ ቢናገር፣ ከሰቆጣ ተነስተን በአንድ እርምጃ ባሕር ዳር ብንደርስ አይገርመንም። የሚገርመን ከነቃን በኋላ ነው። በነቃ ሕልም ጊዜ ግን ሰውነታችን ተኝቶ፣ ሕልሙም እየቀጠለ፣ ሕልም እያየን መሆኑን እናውቃለን። በሕክምናው ዓለም "ሉሲድ ድሪም" ይባላል። በዚህ ጽሑፍ "የነቃ ሕልም" እንለዋለን።

ብዙ ሰው እንደሚያስበው ብርቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመና ከዚያ በፊት በ50 ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን የገመገመ ሥራ እንዳሳየው፣ ከተጠየቁት ሰዎች 55 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የነቃ ሕልም አይተዋል። 23 በመቶ ያህሉ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያዩታል።

አዲስ ነገርም አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ415 ዓመተ ምሕረት አካባቢ (እ.ኤ.አ) በጻፈው ደብዳቤ ገናድዮስ የተባለ የካርቴጅ ሐኪም ያየውን ሕልም ይተርካል። ሐኪሙ በሕልሙ ውስጥ ሲጠየቅ፣ ሥጋው በአልጋ ላይ ተኝቶ እንደሆነና የሚያየውም በእንቅልፍ እንደሆነ ተረድቶ ነበር። ሳይንስ ይህን በመሣሪያ ያረጋገጠው ግን በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ በ1975 በእንግሊዝ አገር ኪት ኸርን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአሜሪካ ስቴፈን ላበርጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት አንድ ምልክት ተስማሙ፦ "ሕልም ውስጥ መሆንህን ስታውቅ ዓይንህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አመላልስ።" ተኚዎቹ እንደተባሉት አደረጉ። መሣሪያው በዚያው ሰዓት በእርግጥ ተኝተው እንደነበር አሳየ። እ.ኤ.አ በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ተኚዎች በሕልም ውስጥ እያሉ እንደ "ስምንት ሲቀነስ ስድስት" ያሉ ቀላል ጥያቄዎችን ሰምተው በዓይናቸው እንቅስቃሴ መልስ ሰጥተዋል።

ስለዚህ አንድ ሰው "ሕልም መሆኑን እያወቅሁ አየሁ" ሲልዎት እየዋሸ ወይም እየቃዠ ነው ብለው አይደምድሙ።

በሌሊት አንጎላችን ምን ይሠራል?

እንቅልፍ ከማታ እስከ ንጋት አንድ ዓይነት አይደለም። 90 ደቂቃ ገደማ በሚወስድ ዑደት ቀለል ካለ እንቅልፍ ወደ ከባድ፣ ከዚያም ዓይን ከሽፋኑ ሥር ወዲያና ወዲህ ወደሚልበት እንቅልፍ ይሸጋገራል። ደማቅ ሕልም የምናየው በአብዛኛው በዚህ በመጨረሻው ክፍል ነው። በአዋቂ ሰው ከጠቅላላው እንቅልፍ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በመጀመሪያው ዑደት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ማታ ሦስት ሰዓት የተኛ ሰው ረጅምና ደማቅ ሕልሞቹን የሚያየው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ ክፍል ሦስት ነገሮች አብረው ይከናወናሉ።

• ምስል የሚፈጥረውና ስሜት የሚያመነጨው የአንጎል ክፍል በጣም ይሠራል። ሕልም ይህን ያህል እውነት የሚመስለው፣ ፍርሃቱና ደስታውም የሚበረታው ለዚህ ነው።
• ከግንባር ጀርባ ያለውና "ይሄ ልክ ነው ወይ?" ብሎ የሚመዝነው ክፍል ሥራውን ይቀንሳል።
• የእጅ፣ የእግርና የሰውነት ጡንቻዎች እንዳይንቀሳቀሱ ይታሰራሉ። ይህ ጥበቃ ነው። ባይኖር በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ተነስተን በሮጥን ነበር።

በነቃ ሕልም ጊዜ ሁለተኛው፣ የሚመዝነው ክፍል፣ በከፊል ይነቃል፤ ሕልሙ ግን አይቆምም። የነቃ ሕልም በመንቃትና በማለም መካከል ያለ ሁኔታ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምንድን ነው አንዳንዱ ሰው ላይ የሚበዛው?

ሌሊት ነቅቶ ቆይቶ ተመልሶ መተኛት የነቃ ሕልምን እንደሚያበዛ በጥናት ታይቷል። አራት ወይም አምስት ሰዓት ተኝቶ የተነሳ ሰው ጥቂት ነቅቶ ቆይቶ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ደማቁ የሕልም ክፍል ሊገባ ይችላል። አእምሮውም ገና ሙሉ በሙሉ አልተኛም።

በእኛ አካባቢ እንዲህ የሚተኛ ሰው ጥቂት አይደለም። ለማኅሌት ወይም ለሰዓታት ተነስቶ ንጋት ላይ የሚያሸልብ ካህን፣ ሕፃን ለማጥባት የምትነሳ እናት፣ ሰብል ሊጠብቅ ወጥቶ የሚመለስ ገበሬ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ጥበቃ ሁሉም እንቅልፋቸው ይቆራረጣል። እነዚህ ሰዎች ንጋት ላይ ደማቅ ሕልም ቢያዩ፣ ሕልም መሆኑንም ቢያውቁ የሚያስደነግጥ አይደለም።

በእንቅልፍ ውስጥ እያሉ እንዴት ይሰማል?

የነቃ ሕልም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንደ ተራ ሕልም ነው። ከዚያ አንድ የማይገጥም ነገር ይመጣል። የሞተ ሰው ቡና ሲጠጣ ያገኙታል፤ ከዓመታት በፊት የፈረሰ ቤት ቆሞ ያዩታል፤ ቅዠት ሆኖ ፍርሃቱ ሲበረታ "ሕልም ይሆን?" የሚል ሐሳብ ብልጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ሰዎች በአብዛኛው እነዚህን ስሜቶች ይናገራሉ።

• ድንገተኛ ጥራት። ጭጋግ የተገፈፈ ያህል ነገሩ ይጠራል። ቀለም ይደምቃል፣ ድምፅ ይለያል፣ ከእግር ሥር ያለው ድንጋይ ይቆረቁራል፣ የደጋው ብርድ ፊትን ይነካል።
• የደስታ ወይም የፍርሃት ግፊት። አንዳንዱ "እንደ ወፍ ቀለለኝ" ይላል። ሌላው "መውጫው ጠፋኝ" ብሎ ይጨነቃል። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው።
• ከፊል ሥልጣን። መብረር፣ መሄድ፣ ሰው ማነጋገር መምረጥ ይቻል ይሆናል። ሙሉ ሥልጣን ግን ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያለው። በሩን ሲከፍቱት ሌላ በር ይመጣል፤ የጠሩት ሰው ፊቱን ያዞራል። ሕልም መሆኑን ማወቅና ሕልሙን ማዘዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።
• የማይረጋ ዝርዝር። የተጻፈ ነገር ደግመው ሲያነቡት ይለወጣል፤ መብራት ሲያበሩት አይበራም፤ የሰው ፊት ይቀያየራል።
• ቶሎ ማለቅ። ደስታው ሲበረታ ሕልሙ ይደበዝዛል፣ ሰውየውም ይነቃል። ብዙው የነቃ ሕልም ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ሰዎች በሕልማቸው ውስጥ ቁጥር እንዲቆጥሩ ተደርጎ ሲለካ፣ በሕልም የሚቆጠረው ጊዜ ነቅተው ከሚቆጥሩት ብዙም እንደማይርቅ ታይቷል።

ሰውነትም በጥቂቱ ይከተላል። በሕልም መሮጥ ወይም ከባድ ነገር ማንሳት ትንፋሽንና የልብ ምትን በመጠኑ ይለውጣል። ስለዚህ ልብዎ እየመታ ቢነቁ "ልቤ ታሟል" ብለው ወዲያው አይደምድሙ። በደቂቃዎች ውስጥ ከተረጋጋ የሕልሙ ስሜት ነው።

ከነቁ በኋላስ?

ተራ ሕልም ፊት እስክንታጠብ ድረስ ከአእምሯችን ይተናል። የነቃ ሕልም ግን ይቆያል። ሰዎች ከወራት በኋላ እንኳ ዝርዝሩን ያስታውሳሉ። ከነቁ በኋላ የሚከተሉት ሊሰሙዎት ይችላሉ።

ደስታ ወይም መረጋጋት። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል።

የውሸት መንቃት። በሕልምዎ ነቅተው፣ ፊትዎን ታጥበው፣ ከብት ፈትተው ይወጣሉ። ከዚያ እንደገና ይነቃሉ፤ ገና አልጋ ላይ ነዎት። አንዳንድ ሰው ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገምበታል። ያስደነግጣል እንጂ ጉዳት የለውም።

አጭር መደናገር። "ገንዘቡን በእውን ነው የሰጠሁት ወይስ በሕልም?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጤነኛ ሰው ይህን አጣርቶ ይለየዋል፤ ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ ኪሱን ያያል፣ ይስቅበታል። ቀን ላይም ሕልምና እውን የማይለዩ ከሆነ ግን ሐኪም ማየት ይገባል።

ሐዘን። ይህ በዝቋላዋ እናት ላይ የደረሰው ነው። የሞተ ዘመድን በሕልም ማየት ከሐዘን በኋላ በጣም የተለመደ ነው። ሕልም መሆኑን እያወቁ ማየት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይነካል፦ በሕልሙ ውስጥ "ይሄ ሊያልቅ ነው" እያሉ ማየት፣ ሲነቁም በእርግጥ ማለቁን ማየት። እናትየዋን ያስለቀሳቸው ልጃቸውን ማየታቸው ሳይሆን ሊነቁ መሆኑን እያወቁ ማየታቸው ነበር። ይህ እብደት አይደለም። እንዲያውም መሞቱን በሕልም ውስጥ ሳይቀር ማስታወሳቸው አእምሯቸው እውነቱን አጥብቆ መያዙን ያሳያል።

የእሳቸው ችግር ሕልሙ ሳይሆን ሕልሙን ፈርተው እንቅልፍ መከልከላቸው ነበር። ለአምስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ሌላው ቀርቶ ያልተነገረ ድምፅ የሰማ ሊመስለው ይችላል። ቤተሰቡም "አእምሮዋ ተነካ" የሚለውን ፍርሃቱን ያጠናክራል። በተጨማሪም ያጣነው የሕልም ክፍል በቀጣዩ ሌሊት በዝቶ ይመለሳል። ሕልም ለመሸሽ አለመተኛት ሕልሙን ያበረታዋል። አባቶች "ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም" ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ከዱካክ በምን ይለያል?

ብዙ ታካሚዎች ሁለቱን ያቀላቅላሉ። ዱካክ ሲጫን ሰውየው ክፍሉን ያያል፣ ነቅቷል፣ ግን መንቀሳቀስም መጮህም አይችልም። ደረቱ ላይ ክብደት ይሰማዋል፤ ጥግ ላይ የቆመ ወይም የሚጠጋ አካል ያለ ይመስለዋል። የሚሆነው ከላይ የጠቀስነው የጡንቻ መታሰር ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ነው። የሕልሙ ቅሪት በክፍሉ ላይ ይታያል። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ትንፋሽ የሚቆም ቢመስልም ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ አይታሰርም፤ ዱካክ ራሱ አይገድልም።

ጃፓኖችም፣ የካናዳ ኒውፋውንድላንድ ሰዎችም በየቋንቋቸው ስም ሰጥተውታል። ምልክቱ በየአገሩ መመሳሰሉ ከሰው ልጅ እንቅልፍ አሠራር የሚመጣ መሆኑን ያሳያል። እንቅልፍ ማጣት፣ በጀርባ መተኛት፣ ጭንቀትና የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓት ያበዙታል። ጫት አዘውትረው ሲቅሙ ቆይተው ያቆሙ ሰዎችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱካክና ቅዠት ይበዛባቸዋል። ሲይዝዎት አይታገሉ። ትንፋሽዎን በቀስታ እየሳቡ የአንዲት ጣትዎን ጫፍ ወይም ዓይንዎን ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ።

በአጭሩ፦ በነቃ ሕልም ሰውነትዎ በሕልሙ ዓለም ይንቀሳቀሳል፣ አልጋውን አያዩም። በዱካክ አልጋውን ያያሉ፣ መንቀሳቀስ አይችሉም። በቅዠት ደግሞ እየሆነ ያለው ሕልም መሆኑን አያውቁም፤ ፍርሃቱ ያነቃዎታል።

መድኃኒትና መጠጥ ሕልምን ይለውጣሉ

ደማቅ ሕልም በድንገት ከጀመረዎት "በቅርቡ የጀመርኩት ወይም ያቆምኩት ነገር አለ?" ብለው ይጠይቁ።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት። በአገራችን ለዓመታት በስፋት ሲሰጥ የቆየው ኢፋቪረንዝ ደማቅና እንግዳ ሕልም በማምጣት ይታወቃል። በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በርትቶ ይቀንሳል። በመኝታ ሰዓትና በባዶ ሆድ መውሰድ ያቀለዋል። አሁን በብዛት የተተካው ዶሉቴግራቪር ሕልምን የሚለውጠው በአነስተኛ መጠን ቢሆንም አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ያሳጣል። እንዲህ ከሆነ ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት ቅዠት ሊያመጡ ይችላሉ።

የድብርት መድኃኒት። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ሕልምን ይለውጣሉ። በድንገት ሲቆሙ ሕልሙ ይበረታል።

አልኮል። ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ የሕልሙን ክፍል በመጀመሪያው የሌሊት አጋማሽ ያፍነዋል፤ ንጋት ላይ በዝቶ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲጠጣ የቆየ ሰው በድንገት ካቆመና ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካላበው፣ በቀንም የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ወዲያው ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ትኩሳት። ወባም ሆነ ሌላ ትኩሳት ሕልምን ያደምቃል። ከተከዜ ቆላ የተመለሰ ሰው በቅዠት ሲለፈልፍ ከመንፈስ ጋር ከማያያዝዎ በፊት ሰውነቱን ይዳስሱ፤ የወባ ምርመራም ያስደርጉ።

እዚህ ላይ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር አለ። በሕልም ምክንያት መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። "በሕልሜ አቁሚ ተባልኩ" ብለው መድኃኒታቸውን ጥለው ከወራት በኋላ ተዳክመው የሚመጡ ሰዎች አሉ። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታና የስኳር መድኃኒት ማቋረጥ ከማንኛውም ሕልም የከፋ ነው። ሕልሙ ካስቸገረዎት ይንገሩን፤ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻል ይሆናል። ጸሎትና ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይጋጩም። ጸበል ቦታ ሲሄዱ መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ፤ በሰዓቱም ይውሰዱ።

ተመሳሳይ ክፉ ሕልም ሲደጋገም

በጦርነቱ ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው የመጡ፣ ቤተሰብ የሞተባቸው ወይም ከባድ ነገር ያዩ ብዙ ሰዎች ያው ክፉ ሕልም ይመላለስባቸዋል። ይህ ሕክምና ያለው ችግር ነው። በሰፊው የተጠና አንድ ዘዴ እነሆ፦

1. ሕልሙን በቀን፣ በደህና ሰዓት ይጻፉት ወይም ለሚያምኑት ሰው ይንገሩት። ሲጀምሩ ከሁሉ የከፋውን ሳይሆን ቀለል ያለውን ይምረጡ።
2. አጨራረሱን እንደፈለጉ ይለውጡት። ለምሳሌ የሚያባርርዎት ሰው ወደ ኋላ ሲቀር፣ እርስዎ ደግሞ ከዘመድ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ።
3. አዲሱን ሕልም በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይንዎን ጨፍነው በሐሳብዎ ይመልከቱት።

ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። አንዳንድ ሰው ሕልሙ ሲመጣ "ይሄን አውቀዋለሁ፣ ሕልም ነው" ብሎ ያውቅና ፍርሃቱ ይቀንስለታል። የነቃ ሕልም ለታካሚ ሊጠቅም የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው ትውስታውን የሚያባብስብዎት ከሆነ ግን ያቁሙና ከባለሙያ ጋር ይሥሩት።

ሆን ብሎ መለማመድ ይቻላል ወይ?

ወጣቶች አንዳንዴ ይጠይቁኛል። በራሱ የሚመጣ የነቃ ሕልም ጉዳት የለውም። ለመለማመድ ሲባል በየሌሊቱ ሰዓት ሞልቶ መነሳት ግን እንቅልፍን ይሰብራል፤ ዱካክንም ያበዛል። ከዚህ በፊት የሌለ ድምፅ የሰሙ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ባይሞክሩት ይመረጣል።

ለቤተሰብ

• ሕልሙን የነገረዎትን ሰው አይሳቁበት፤ ለመፍታትም አይቸኩሉ። "ሕልም እንደ ፈቺው" እንደሚባለው ክፉ አፈታት በታመመ ወይም ባዘነ ሰው ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው።
• "ምን አየህ?" ብቻ ሳይሆን "ስትነቃ ምን ተሰማህ? ቀንህ እንዴት ዋለ?" ብለው ይጠይቁ። በሕልሙ እንግዳነት ሳይሆን ሰውየው ቀኑን በሚያሳልፍበት ሁኔታ ነው መታመም አለመታመሙን የምንለየው።
• በሕልም የሚጮህን ሰው በኃይል አይነቅንቁት። ከራቅ ብለው በስሙ ይጥሩት።
• መሳሪያና ስለት ያለው ነገር በእንቅልፍ ከሚራገጥ ሰው አልጋ አጠገብ ያርቁ።
• መኝታና መነሻ ሰዓትን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ቡና አለመጠጣት፣ ማታ ስልክ ማራቅ ይረዳል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ?

በሚከተሉት ሁኔታዎች በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

• ሕልሙን ፈርተው ከሦስት ሌሊት በላይ መተኛት ካልቻሉ፣ ወይም ቅዠቱ በሳምንት ደጋግሞ ከመጣና ሥራዎን ካስተጓጎለ፤
• በእንቅልፍ ውስጥ የሚራገጡ፣ የሚማቱ ወይም ከአልጋ የሚወድቁ ከሆነ። በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ሰዎች ይህ የነርቭ በሽታ መነሻ ምልክት ሊሆን ይችላል፤
• ሲነቁ ምላስዎ ተነክሶ፣ ሽንት አምልጦዎት ወይም ሰውነትዎ ዝሎ ከተገኘ። ይህ የሌሊት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤
• ከፍተኛ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ መሀል ትንፋሽ መቋረጥ ካለ፤
• በቀን ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥልዎት፣ ሲስቁ ወይም ሲደነግጡ ጉልበትዎ የሚከዳዎት ከሆነ፤
• ነቅተው እያሉ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ ወይም የሌለ ነገር የሚያዩ ከሆነ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም በሕልም የመጣ ትእዛዝ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዱ የሚገፋፋዎት ከሆነ አያድሩ። ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፤ ወዲያው ይውሰዱት። በሰቆጣና አካባቢዋ ያላችሁ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መምጣት ትችላላችሁ። እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችኋል።

ስትመጡ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። ሌሊት አብሯችሁ የሚያድር ሰውም ይዛችሁ ኑ፤ ታካሚው ተኝቶ የሆነውን የሚያውቀው እሱ ነው። ምርመራው በዋናነት ጥያቄና የአካል ምርመራ ነው። በኽምጥኛ ማስረዳት የሚቀልላችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሕልምን በአፍ መፍቻ ቋንቋ መናገር ይቀላል።

የዝቋላዋ እናት በዚያ ቀን ብዙ መድኃኒት አልተሰጣቸውም። በቀን የሚሰሙት ድምፅ እንደሌለ፣ የመኖር ተስፋቸው እንዳልጠፋ፣ ትኩሳት እንደሌላቸው አረጋገጥን። ስለ እንቅልፍ ከላይ የጻፍኩትን ለእሳቸውም ለልጃቸውም አስረዳሁ፤ ቀጠሮም ያዝን። በሁለት ሳምንታቸው ሲመለሱ እየተኙ ነበር። ልጃቸው አሁንም በሕልማቸው ይመጣል። "ቀድሞ ሕልም መሆኑን ሳውቅ ለመንቃት እታገል ነበር" አሉ። "አሁን እስክነቃ ድረስ አጠገቡ እቀመጣለሁ።"

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው። የሐኪም ምርመራን አይተካም። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ከመቀየርዎ ወይም ከማቆምዎ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።